በ20 ዶላር የትኛው? ክሮኖ ትሪገር፣ ፋይናል ፋንታሲ 6፣ ኧርዝባውንድ ወይስ ባልዱርስ ጌት

የእህቴ ልጅ 20 ዶላር ያለበት የስቲም ካርድ ይዞ መጣ፤ ስቲም የኮምፒውተር ጌም በኢንተርኔት የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ካርዱን የላከለት ውጭ አገር የሚሠራው አባቱ ነው። ልጁ ገና 16 ዓመቱ ነው፤ እስካሁን የሚያውቀው ጌም ኳስና ተኩስ ብቻ ነው። «አጎቴ፣ አንተ ሁልጊዜ የምታወራላቸውን አሮጌ ጌሞች ልሞክራቸው። የትኛውን ልግዛ?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ አፌን ከፈትኩ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም አልዘጋሁትም። ከዚህ በታች ያለው ያን ቀን ያልኩት ነው፣ ትንሽ ተስተካክሎ።

አሮጌ ጌም ስል አርፒጂ የሚባለውን ዓይነት ማለቴ ነው። ጥቂት ጓዶች ይዛችሁ አገር ታቋርጣላችሁ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ታወራላችሁ፣ ጀግናችሁ ከውጊያ ወደ ውጊያ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ታሪኩም እንደ ረጅም ልብ ወለድ ይነበባል። በእኛ ሰፈር ያልተለመዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። ያደግሁበት ፕሌይስቴሽን ቤት የሚያስከፍለው በግጥሚያ ነበር፤ ኳሱ ሲያልቅ ተነሥቶ ለተረኛ መልቀቅ ግድ ነው። ሠላሳ ሰዓት ለሚፈጅ ተረት ማን ወንበር ይሰጣል?

ስለ ዋጋ ቶሎ ተናግሬ ልለፍ፣ ብዙ አያለያያቸውምና። በስቲም መደበኛ ዋጋቸው ክሮኖ ትሪገር 14.99፣ የፋይናል ፋንታሲ 6 ፒክስል ሪማስተር 17.99፣ የባልዱርስ ጌት ኢንሃንስድ ኤዲሽን 19.99 ዶላር ነው (ሪማስተርና ኢንሃንስድ ማለት አሮጌው ጌም ለዛሬ ማሽን ታድሶ ሲወጣ ነው)። ቅናሽ ሲደረግ ከዚህም ይወርዳሉ። ከባድ ኮምፒውተር አይጠይቁም፣ ሦስቱም ለስልክ የተዘጋጀ ቅጂ አላቸው። ኧርዝባውንድ ግን ለብቻው አይሸጥም፤ ስዊች የተባለው የኒንቴንዶ ኩባንያ የጌም ማሽን ያለው ሰው ለኦንላይን አገልግሎቱ በዓመት 19.99 ዶላር ሲከፍል ከሌሎች አሮጌ ጌሞች ጋር አብሮ ያገኘዋል።

ከዋጋው ይልቅ የሚያለያያቸው የንባቡ ብዛት ነው። አንዳቸውም አማርኛ አያውቁም። እንግሊዝኛ መቻል ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። በ1997 የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 7 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ገና ከመነሻው ጊንጥ የሚመስል የብረት ጭራቅ ያመጣል። ጀግናው ለጓደኛው «ጅራቱ ተነሥቶ ሳለ ምታው!» ይላል። ተጫዋቹ ትእዛዙን አክብሮ ይመታል። ቀጣዩ ጽሑፍ ሲመጣ ነው «በጨረር ይመልስልሃል» የሚለው የሚነበበው። የጃፓንኛው ሐሳብ «ጅራቱ ተነሥቶ ሳለ ከመታኸው በጨረር ይመልስልሃል» ነበር፤ ተርጓሚው «ከ» የምትለዋን ጣላት። በዚያች በጠፋች ፊደል የተቃጠለ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ይስቅባታል።

ጌም ከመግዛቴ በፊት የምጠይቀውም ይህንኑ ነው፦ አድናቂዎቹ በምን ይስቃሉ? በማስታወቂያ ሁሉም «ድንቅ ጀብዱ» ነው። ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚደጋግመው ቀልድ ግን የጌሙን ጠባይ ያሳያል።

ክሮኖ ትሪገር በ1995 ሲወጣ የፋይናል ፋንታሲ ፈጣሪ ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ የሌላው ስመ ጥር አርፒጂ የድራጎን ኩዌስት ደራሲ ዩጂ ሆሪኢ እና በ2024 ያረፈው ሠዓሊ አኪራ ቶሪያማ በአንድ ላይ ሠሩት። አድናቂዎቹ የሚስቁት በምሳ ነው። ጌሙ በከተማ ባዛር ይጀምራል፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሰው ምሳ ተቀምጧል። ቁልፏን ተጫኑ፣ ጀግናው ይበላዋል። ማንም ቀና ብሎ አያይም። በዚህ ዓይነት ጌም የሰው ቤት ገብቶ ሣጥን መበርበር ወግ ስለሆነ እናንተም ትረሱታላችሁ። ጥቂት ቆይቶ በንጉሡ ፍርድ ቤት ትቆማላችሁ፤ ባለ ምሳውም ምስክር ሆኖ ይቀርባል። የጠፋባትን ድመት ያመጣችሁላት ሕፃን ካለች እርሷም መጥታ ትመሰክርላችኋለች። ባዛሩ ላይ አንዲት ሌላ ልጅ ስትገጫችሁና የአንገት ጌጧ ሲወድቅ መጀመሪያ ወደ ማን ሄዳችሁ፣ ወደ ልጅቷ ወይስ ወደ ጌጡ? እርሱም ተመዝግቧል። ሰባት ፈራጆች አንድ በአንድ ድምፅ ይሰጣሉ። ፍርዱ ምንም ቢሆን መጨረሻው ወህኒ ቤት ነው፤ ይህ ደግሞ ሌላው ቀልድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ ፍጥነት ይሄዳል። ከ20 እስከ 25 ሰዓት ውስጥ ይጠናቀቃል፤ ከደርዘን በላይ የተለያየ ፍጻሜ አለው፣ የጨረሰ ሰው ጉልበቱን እንደያዘ እንደገና ይጀምራል። ንባቡ አጭርና ግልጽ ነው። አንድ የማዝንበት ነገር ቢኖር ከጓዶቻችሁ አንዱ የሆነው የእንቁራሪቱ ባላባት ንግግር ነው፤ በመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትርጉም ከአገሩ ሰው ሁሉ ተለይቶ እንደ ጥንት አዋጅ ነጋሪ ይናገር ነበር፣ አሁን በሚሸጠው ትርጉም ግን እንደ ማንም ሰው ያወራል። ሦስቱ ወራዳ ጠላቶች በእንግሊዝኛ የሮክ ሙዚቀኞችን ስም ይዘዋል፤ በጃፓንኛ ስማቸው የተወሰደው ከኮምጣጤ፣ ከአኩሪ አተር ሶስና ከማዮኔዝ ነው። የስቲሙ ቅጂ በ2018 ሲወጣ የስልክ ቁልፎች እንደ ወረደ የተለጠፉበት አስቀያሚ ነገር ነበር፤ በዚያው ዓመት በተከታታይ ማሻሻያ ተስተካክሏል። ስለዚህ የዚያን ሰሞን የተቆጡ አስተያየቶች አይተው የሚሸሹ ሰዎች ይሳሳታሉ።

ፋይናል ፋንታሲ 6 (1994) ከዚህ ይከብዳል፣ ይረዝማልም፤ ከ35 ሰዓት በታች አትጠብቁ። አሥራ አራት ተሰላፊ ገጸ ባሕርያት አሉት፤ የኦፔራ ትርዒት ትሠሩበታላችሁ፤ መሀሉ ላይ የሚሆነውን ግን አልናገርም። በአሜሪካ ሲወጣ በ«ፋይናል ፋንታሲ 3» ስም ነበር፤ ይህ ቁጥር ስንቱን እንዳደናገረ መቁጠር አይቻልም። ተርጓሚው ቴድ ዉልዚ ሥራውን የጨረሰው በ30 ቀን ገደማ ነው። ኒንቴንዶ ስድብ አይፈቅድም ነበር፤ ስለዚህ ክፉው ቀልደኛ ኬፍካ ሲናደድ «አንተ የሰርጓጅ መርከበኛ ልጅ!» እያለ ይጮኻል። በአማርኛ «የእንትን ልጅ» ብሎ የጀመረ ሰው የት እንደሚደርስ ሁላችን እናውቃለን፤ ከዚያ ይልቅ መርከበኛ ሲመጣ አስቡት። ይኸው ሰው በረሃ መሀል ቆሞ ጫማዬ ላይ አሸዋ አለ ብሎ ወታደሮቹን ያስጠርጋል። እግሩን ባነሣ ቁጥር አሸዋ ነው፣ ግን ያስጠርጋል። ስትስቁበት ትቆያላችሁ፤ ጌሙ በኋላ ያንን ሳቅ ያስከፍላችኋል።

ባቡሩም አለ። ሙታንን የሚያጓጉዝ ባቡር ያሳድዳችኋል፤ እናንተ በሐዲዱ ላይ እየሮጣችሁ ትዋጉታላችሁ። ከጓዶቻችሁ አንዱ ሳቢን የሚባል ታጋይ ነው። የትግል ጥበቡን ስታዙት ባቡሩን እቅፍ አድርጎ አንሥቶ በአናቱ ይደፋዋል። ሠሪዎቹ ይህን የሚከለክል ነገር አላስገቡም፤ ዓለም ላይ ያሉ አድናቂዎች ሁሉ የሚሳሳቁበት ትእይንት ይህ ነው። የቸኮለ ሰው ደግሞ የሞተን የሚያስነሣ መድኃኒት ባቡሩ ላይ ይረጭበታል፤ ባቡሩ ሙት ስለሆነ መድኃኒቱ ይገድለዋል።

ፒክስል ሪማስተሩ በ2022 ለኮምፒውተር ሲወጣ የእንግሊዝኛው ፊደል ቀጭንና ለዓይን የሚያስጠላ ስለነበረ አድናቂዎች ራሳቸው የፊደሉን ፋይል እየቀየሩ ይጫወቱ ነበር። በ2023 የኮንሶሉ (እንደ ስዊችና ፕሌይስቴሽን ላሉ የጌም ማሽኖች የተሠራው) ቅጂ የፊደል ምርጫ ጨመረ፤ ድንገተኛ ውጊያዎችን ማጥፊያም አብሮ መጣ። ለሥራ የሚሮጥ ሰው በዚያ ማጥፊያ አይፈር።

ኧርዝባውንድ ላይ ስደርስ ድምፄ ይለወጣል፣ ይቅርታ። የሺጌሳቶ ኢቶይ ሥራ ነው፤ በጃፓን በ1994፣ በአሜሪካ በ1995 ወጣ። ሰይፍና ዘንዶ የለውም። አንድ ልጅ የቤዝቦል ዱላ ይዞ ከቤት ይወጣል፤ አብራው የምትሄደው ልጅ መሣሪያ መጥበሻ ነው። መንገድ የሚዘጋው ዐለት ሳይሆን የእርሳስ ቅርጽ ያለው የብረት ሐውልት ነው፤ የሚከፈተውም በ«እርሳስ ላጲስ» ነው። ወደ ኋላ ደግሞ መንገዱን የላጲስ ሐውልት ይዘጋዋል፣ የላጲስ ላጲስ ትፈልጋላችሁ። በአሜሪካ «ይህ ጌም ይገማል» በሚል መፈክርና ሲፋቅ በሚሸት ወረቀት አስተዋወቁት፤ እንደተጠበቀው ገበያው አልቀናም። ዛሬ የያኔውን ካሴት የሚፈልግ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል።

የልጁ አባት በጌሙ ውስጥ ፊቱ አይታይም። ስልክ ላይ ብቻ ነው ያለው። ጨዋታችሁን የምታስቀምጡት ለእርሱ በመደወል ነው፤ ገንዘብም ባንክ ያስገባላችኋል፣ እናንተ ከማሽን ታወጣላችሁ። ረጅም ሰዓት ከተጫወታችሁ ራሱ ደውሎ ትንሽ ዕረፍት አድርግ ይላል። ልጁ ከቤት ርቆ ሲቆይ ናፍቆት ይይዘዋል፤ በውጊያ መሀል እናቱን እያሰበ ተራው ያልፍበታል። መድኃኒቱ ለእናቱ መደወል ነው። ይህን ስናገር የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከስልኩ አነሣ። ጌሙ ሲጀምር የምትወዱትን የቤት ምግብ ይጠይቃችኋል። እኔ በእንግሊዝኛ ፊደል ሽሮ ብዬ ጻፍኩ። ከብዙ ሰዓት መንከራተት በኋላ ቤት ስገባ እናትየው ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ፤ ወርቃማ ጸጉር ያላት እናት፣ በጃፓን ሰው የተጻፈች።

ለተቀዳ ካሴትም የራሱ ቀልድ አለው። ጌሙ የተሰረቀ መሆኑን ካወቀ ጠላቶችን ያበዛል። ያንን ሁሉ ታግሦ ለመጨረሻው ውጊያ ለደረሰ ሰው ደግሞ እዚያው ቀጥ ይላል፣ የተቀመጠውንም ጨዋታ በሙሉ ይደመስሳል። በተቀዳ ዲስክ ላደግነው ለእኛ ይህ ቀልድ ትንሽ ያማል።

ስዊች የሌለው ሰው ምን ያድርግ? በ2015 የወጣው አንደርቴል በ9.99 ዶላር አለ፤ ሠሪው ቶቢ ፎክስ ራሱ ከኧርዝባውንድ አድናቂዎች መሀል የወጣ ነው፣ ቀልዱም ከዚያው ቤት ነው። ማንንም ሳትገድሉ መጨረስ ይቻላል።

ባልዱርስ ጌት (1998) ባዮዌር የተባለው ኩባንያ ሥራ ነው፣ ሌላ ዓለም ነው። የጃፓኖቹ እጃችሁን ይዘው ይወስዷችኋል፤ ይህኛው በር ላይ አውርዷችሁ ይሄዳል። ሕጉ የተወሰደው ከጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ነው፣ ከድሮው። ጥሩራችሁ በተሻሻለ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል፤ 10 ማለት ራቁት ነው፣ ከዜሮ በታች ብረት ለበስ ነው። ይህን ለአዲስ ሰው ሲያስረዱ መሳቅ የአድናቂዎቹ ዋና መዝናኛ ነው። ጀማሪ አስማተኛ የመረጠ ሰው ቢበዛ ስድስት የሕይወት ነጥብ ይዞ ጫካ ይገባል። ንባቡ ደግሞ እንደ ወንዝ ነው፤ መዝገበ ቃላት አጠገብ ይቀመጥ።

የቀልዱን ብዛት ግን ማንም አይደርስበትም። ራሱን ተመትቶ የተምታታበት ሚንስክ የሚባል ግዙፍ ተዋጊ አለ፤ ቡ የተባለች ሃምስተር ይዞ ይዞራል፤ ከሕዋ የመጣች የግዙፍ ሃምስተር ድንክ ዝርያ ናት ብሎ ያምናል። ሲዋጋ «ዓይኑን ቡ! ዓይኑን!» ይላል። ናሽኬል በተባለች መንደር ደግሞ ኑበር የሚባል ሰው ይከተላችኋል፣ ይለፈልፋል፣ ይለፈልፋል፣ ይለፈልፋል። ሳትገድሉት እስከ መጨረሻው ከሰማችሁት ለትዕግሥታችሁ ነጥብ ይሰጣችኋል። ከስድስቱ ጓዶች አንዱ ዛፍ ጥግ ከቀረ ከአካባቢው መውጣት አይቻልም፤ «ከመሄድህ በፊት ጓዶችህን ሰብስብ» የሚል ኮስታራ ድምፅ ይመጣል። ሃያ ጊዜ ብትነኩ ሃያ ጊዜ። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር የምጠቀምበት ከሠርግ ቤት ስንወጣ ነው፤ ሁላችን መኪና ውስጥ ሆነን አንዷ አክስቴ በር ላይ እየተሰናበተች ስትቀር።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የምሰጠው ምክር ክሮኖ ትሪገር ነው፤ በዚህ አልከራከርም። እሱን የጨረሰና ማልቀስም የሚፈልግ ፋይናል ፋንታሲ 6ን ያስከትል። ስዊች ያለው፣ በተለይም ከቤት ርቆ የሚኖር፣ ኧርዝባውንድን አሁኑኑ ይክፈት። ባልዱርስ ጌት እንግሊዝኛ ማንበብ ለማይሰለቸውና መሸነፍ ለማያስከፋው ነው። የሚያመነታ ሰው ደግሞ ስቲም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ለተጫወቱት ጌም ገንዘብ እንደሚመልስ ይወቅ። በሁለት ሰዓት ክሮኖ ትሪገር ላይ ምሳውን በልቶ ፍርድ ቤቱ አካባቢ መድረስ ይቻላል።

የእህቴ ልጅ ሁሉንም ሰምቶ ባልዱርስ ጌትን ገዛ። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ካርዱ ላይ አንድ ሳንቲም ብቻ እንዲቀር ፈልጎ እንደሆነ ነገረኝ። ማታ ላይ ደወለ። አስማተኛ መርጦ ነበር፤ ከግንቡ እንደወጣ ተኩላ በላው። «አጎቴ፣ ይሄ ቁጥር ሲቀንስ ነው ያልከኝ ወይስ ሲጨምር?»