የቲዲኤስ ብዕር ወይስ የፍሎራይድ መለኪያ? አዳማ ላይ ጉድጓድ ላላችሁ

«የውሃ መለኪያ ጠቁመኝ» የሚሉኝ ወዳጆች በዝተዋል። አብዛኞቹ ከተማው ዳር ቤት ሠርተው ጉድጓድ ያስቆፈሩ፣ ወይም ከጎረቤት ጉድጓድ በጀሪካን የሚቀዱ ናቸው። መልሴ አጭር ነው፤ የፍሎራይድ መለኪያ ግዙ። ፍሎራይድ በውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ነገር ነው። ለብቻ ከከበዳችሁ ተዋጥታችሁ ግዙ። የቲዲኤስ ብዕር፣ ማለትም በውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር በጥቅሉ የሚገምተው የብዕር ቅርጽ ያለው መለኪያ፣ ብቻውን ለእኛ አካባቢ አይበቃም።

ሰው ሁሉ ብዕሩን የሚመርጠው በዋጋው ነው። ገበያ ላይ ከ800 እስከ 1,500 ብር ይገኛል። ፍሎራይድ የሚለካው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ፎቶሜትር (ውሃው ላይ ኬሚካል ተጨምሮ ቀለሙን የሚያነብ ዕቃ) ደግሞ ውጭ አገር ከ50 እስከ 70 ዶላር ይሸጣል። እኔ በዘመድ አስመጥቼው 9,500 ብር ወጣብኝ። ለዚያው ዕቃ አንድ አስመጪ 21,000 ብር ጠርቶልኝ ነበር። አምስት ቤት ቢካፈለው 1,900 ብር ይደርሳችኋል። ከአንድ ጥሩ ብዕር ብዙም አይርቅም። ግን ልብ በሉ፣ ኬሚካሉ ያልቃል፣ ጊዜውም ያልፍበታል። ያን ወጪ አብራችሁ ካላሰባችሁት ማሽኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

ብዕሩ የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። ከዚያ ተነስቶ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር ሁሉ በጥቅሉ ይገምታል። ጨው ይሁን ካልሲየም ወይም ፍሎራይድ፣ ለይቶ አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ብዕሩ 400 ሲያሳያችሁ ፍሎራይዱ 1 ይሁን 4 በምን ታውቃላችሁ?

የስምጥ ሸለቆ ነገር ደግሞ የባሰ ያሳስታል። ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ነው። ውሃው ሶዳ ሲበዛበትና ካልሲየም ሲያንሰው ፍሎራይዱ ሳይዘቅጥ ሟሙቶ ይቀራል። እንዲህ ያለው ውሃ ጥርት ያለ ነው፣ ሳሙናም ቶሎ አረፋ ይሰጥበታል። «ጣፋጭ ውሃ» ብለን ለልጆች የምናጠጣው እሱን ነው። ወንጂ ላይ በሸንኮራ እርሻው የጉድጓድ ውሃ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው የበለዘው፣ አንዳንዶቹም አጥንታቸው የተጎዳው በዚሁ ነው። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ ስለሚመጣ ጉዳዩ ይለያል። ሥጋቴ ጉድጓዱ ላይ ነው።

ስለ ሻጮች ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንድ የማጣሪያ ሻጭ ጎረቤቴ ቤት መጥቶ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስቀመጠ፤ አንዱ የጉድጓድ፣ ሌላው ከራሱ ማጣሪያ የወጣ። ሁለቱም ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የብረት ዘንጎች ከተተ። የጉድጓዱ ወዲያው ቡናማ ሆነ፣ ደፈረሰ። የእሱ ጥርት እንዳለ ቀረ። ጎረቤቴ ደንግጣ ልትከፍል ስትል፣ እኔ በተጣራው ውሃ ላይ ቆንጠር አድርጌ ጨው ጨመርኩና «አሁን ሞክረው» አልኩት። እሱም ቡናማ ሆነ። ቀለሙ የዘንጉ የራሱ ዝገት ነው። ጨው የሌለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ብቻ ነው የማይደፈርሰው። ይህን ትርኢት የሚያሳያችሁ ሰው ስለ ፍሎራይድ ምንም አልነገራችሁም።

የብዕሩ ፎርጅድም ሞልቷል። ስትገዙ ሻጩ የታሸገ ውሃና ጨው የተቀላቀለበት ውሃ ያቅርብላችሁ። ቁጥሩ በሰፊው ካልተለያየ መልሱለት። ሲበላሽ ጠግኖ መጠቀም የሚባል ነገር የለውም፤ ባትሪው አፍስሶ ውስጡን ከበላው አለቀለት።

ፎቶሜትሩ እምብዛም አይበላሽም፤ የሚጎዳው ትንሿ የመስታወት ብልቃጥ ናት። ከተጫረች ንባቡ ይዛባል፤ በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጓት። ኬሚካሉ ቀይ ነው፣ ፍሎራይድ በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይፈዝዛል። አሲድ ስላለበት ከልጆች አርቁት። አንዳንዱ ፎቶሜትር እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው የሚያነብበው። ከዚያ ካለፈ አንድ እጅ ናሙና በሦስት እጅ ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ የተጣራ፣ ምንም ያልሟሟበት) አቅጥኑና ውጤቱን በ4 አባዙ። ብዕሩ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፤ የምታቀጥኑበት ውሃ ዜሮ አካባቢ መሆኑን ያረጋግጥላችኋል። በአሉም (ውሃ ለማጥራት በሚጨመረው የአሉሚኒየም ጨው) የታከመ ውሃ ላይ ግን ፎቶሜትሩን አትመኑት፣ አሉሚኒየሙ ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል። ያን ላቦራቶሪ ውሰዱት።

«የስምጥ ሸለቆ የፍሎራይድ ካርታ አለ፣ ለምን ልለካ?» የሚሉም አሉ። በድንጋዩና በአየር ንብረቱ ተሰልቶ የሚሠራ ካርታ የት ቦታ እንደሚያሰጋ ይጠቁማል። የእናንተን ጉድጓድ ግን አያውቀውም፤ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ጉድጓዶች እንኳ በጣም ይለያያሉ።

ውጤታችሁ ከ1.5 ካለፈ በማፍላት አትድከሙ። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ፍሎራይዱ ይበልጥ ይጠነክራል። የሸክላ ማጣሪያም አያስቀረውም። ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች መጠጥና ምግብ የቧንቧውን ለዩላቸው፣ ጉድጓዱን ለልብስና ለግቢ አውሉት።

ፎቶሜትሩን ስታዙ ኬሚካሉ አብሮት መኖሩንና ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን በፎቶ አስልኩ። ሳታዩ ብር አትላኩ።