የቪጎ ሞተር በአሮጌ ሂሉክስ ላይ፦ በሐረጎ ዳገት የተፈተነ የሞተር ቅየራ

ወሎ ውስጥ አሮጌ የቶዮታ ሂሉክስ ፒካፕ ይዞ የሚሠራ ሰው ሞተሩ ሲደክምበት ሁለት መንገድ አለው፤ ያንኑ ሞተር አስፈትቶ ማስጠገን፣ አለዚያም ከኋለኞቹ ሂሉክሶች የወጣ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ ማስገጠም። እኔ ሁለተኛውን መርጬ፣ 22አር በሚባለው የካርቡሬተር ሞተር ይሠራ የነበረውን ፒካፕ ባለ 2.7 ሊትሩን 2ቲአር-ኤፍኢ ሞተር፣ ማለትም ቪጎ ከሚባለው የኋለኛው ሂሉክስ የሚወጣውንና ሰው ሁሉ «የቪጎ ሞተር» የሚለውን፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አስገጥሜበታለሁ። ክረምትም በጋም ጭነት ይዤ ከሠራሁበት በኋላ የደረስኩበት ፍርድ ሥራው የሚያዋጣ ነው የሚል ነው። ሆኖም የሚያዋጣው ሞተሩ ከነሽቦው፣ ከነኮምፒዩተሩ፣ ከነነዳጅ መርገጫውና ከነቁልፉ ተሟልቶ ሲገዛ ብቻ ነው፤ ብረቱን ብቻ ጭኖ የመጣ ሰው የገዛው ግማሽ ዕቃ መሆኑን የሚያውቀው ጋራዥ ከገባ በኋላ ነው።

በሁለቱ ሞተሮች መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይም ትልቅ ነው። 22አር 2,366 ሲሲ የሚይዝ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ቫልቭ ያለው፣ 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ የሚሰጥ ጠንካራ ሞተር ነው፤ ስለ ጥንካሬው ክፉ የሚናገር ሰው አላውቅም። 2ቲአር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ፣ 2,694 ሲሲ የሚይዝ፣ 16 ቫልቭና ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ያለው፣ 160 ያህል የፈረስ ጉልበትና በ3,800 ዙር ላይ 241 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ነው። ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው በየጊዜው የሚቀየር ቺንጊያ ሳይሆን ካቴና መሆኑም ለእኛ አገር ባለንብረት ቀላል ጥቅም አይደለም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ቪቪቲ-አይ የሚባለው፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1995 ያስተዋወቀው የቫልቭ ጊዜ መለዋወጫ ነው። በ22አር ላይ ቫልቮቹ የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ጊዜ ፋብሪካው አንድ ጊዜ የወሰነው በመሆኑ ሞተሩ ቢያዘግምም ቢፈጥንም አይለወጥም። በ2ቲአር ላይ ግን በመግቢያው ካምሻፍት ጫፍ በዘይት ግፊት የሚንቀሳቀስ ማርሽ አለ፤ ኮምፒዩተሩ ፒስቶኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ ከኮሎውና ከካምሻፍቱ ሴንሰሮች የሚደርሰውን መረጃ እየመዘነ ወደዚያ ማርሽ የሚያልፈውን ዘይት በአንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አማካይነት ይቆጣጠራል። መኪናው ጭነት ይዞ በዝቅተኛ ዙር ዳገት ሲወጣ የመግቢያ ቫልቮቹ ቀደም ብለው እንዲዘጉ ስለሚደረግ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የገባው አየር ፒስቶኑ ሽቅብ ሲመጣ ወደ መጣበት አይገፋም። ዙሩ ከፍ ሲል ደግሞ መዝጊያው ይዘገያል፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ካምሻፍቱ ወደ ኋላ ይመለስና ሞተሩ ሳይንገጫገጭ ይቀመጣል።

ይህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያስወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ይረዳዋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ በሁለቱ መካከል ያለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል። ካርቡሬተር የነዳጁን መጠን የሚወስነው በቋሚ ቀዳዳ በመሆኑ፣ ለኮምቦልቻ የተስተካከለው ደሴ ሲደርስ ነዳጅ በዝቶበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ለደሴ የተስተካከለው ደግሞ ወደ ባቲ ሲወርድ ነዳጅ ያንሰዋል። አዲሱ ሞተር የሚገባውን አየር ለክቶ፣ በጭስ ማውጫው ላይ ባለው የኦክስጅን ሴንሰርም አረጋግጦ ነዳጁን ስለሚመጥን ከቆላ ወደ ደጋ የሚመላለስ ሰው ካርቡሬተር የማስተካከል ጣጣ ይቀርለታል። በአራተኛ ማርሽ ይታፈንበት በነበረው ጠመዝማዛ ላይ አሁን ማርሽ ሳይቀነስ መውጣት ይቻላል፤ እኔ ለዚህ ሥራ ካወጣሁት ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የመለሰልኝ ይህ ነው።

አንድ የተጋነነ ወሬ ግን መታረም አለበት። አንዳንድ ሻጮች ቪቪቲ-አይ ደጋ ላይ ጉልበት እንደማይቀንስ አድርገው ይናገራሉ። ደሴ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ አየር በግፊት የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ 160 የተባለው ደሴ ላይ ወደ 120 ዝቅ ይላል። አዲሱ ሞተር የሚሻለው ከተቀነሰ በኋላም የሚቀረው ጉልበት ከአሮጌው ሞተር ሙሉ ጉልበት ስለሚበልጥ ነው።

የብረቱን ሥራ በተመለከተ ጋራዡን አመሰግናለሁ። የሞተሩ መቀመጫዎች በሻንሲው ላይ በአዲስ መልክ ተበይደዋል፤ ካምቢዮው ከነፍሪሲዮኑ ከሞተሩ ጋር የመጣ በመሆኑ ከአሮጌው ካምቢዮ ጋር የማጋጠም ችግር አልነበረም፤ ወደ ኋላ የሚሄደው ሻፍት ግን በርዝመት ስላልተስማማ ተቆርጦ ሚዛኑ እንደገና ተስተካክሏል። ፒካፑ የፊት ዲፈረንሻል ያለው ከሆነ የሞተሩ የዘይት ማጠራቀሚያ ከዲፈረንሻሉ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። የድሮውን ራዲያተር ይበቃል ብሎ መተው እንደማይገባ መካኒኩ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግረውኝ ነበር፤ እሳቸውን ሰምቼ ሰፋ ያለ ራዲያተር በማስገባቴ በሚያዝያ ሙቀት ከሃርቡ ሽቅብ ስወጣ የሙቀቱ መለኪያ ከመሐል አልፎ አያውቅም።

ከባዱ ሥራ የኤሌክትሪኩ ነው፤ ጊዜውም ገንዘቡም የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። 22አር ባትሪ፣ ኮይልና ዲስትሪቢዩተር ካለው ይነሣል፤ ይህኛው ግን አንድ ሴንሰር ሲጎድልበት ይኮርፋል። ነዳጅ መርገጫው በካቦ ስለማይሠራ የቪጎው መርገጫ ራሱ እግር ሥር መገጠም አለበት። ሞተሩ የወጣበት መኪና ቁልፉን የሚያውቅ ኮምፒዩተር ካለው ቁልፉና በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ ያለው ቀለበት አብረው ካልመጡ ሞተሩ ቢዞርም አይነሣም። የድሮው የነዳጅ ፖምፓ ለካርቡሬተር የሚበቃ ዝቅተኛ ግፊት ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከፍተኛ ግፊት ያለው ፖምፓ፣ ግፊቱን የሚችል ጎማና ማሰሪያም ያስፈልጋል፤ አሮጌውን የላስቲክ ቱቦ እንዳለ መተው እሳት መጋበዝ ነው። አየር የሚለካው ሴንሰር ደግሞ ከነአየር ማጣሪያው ሳጥን ቢገጠም ይመረጣል፤ በተቀያየረ ቱቦ ላይ ሲቀመጥ የሚለካው ስለሚዛባ ነዳጁም ይዛባል።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሽቦውን ቆርጦ ይቀጥላል ወይስ ሙሉውን የሽቦ ስብስብ አስገብቶ የማያስፈልገውን ይለያል የሚለው ነው። እኔ በመጀመሪያ ያነጋገርኩት አንድ ባለሙያ «የማያስፈልገውን ሁሉ ቆርጬ አቀልልሃለሁ» ሲለኝ ትቼው ሄጃለሁ። ሥራውን በመጨረሻ የሠራው ወጣት ግን ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ እያንዳንዱን መስመር በሜትር ፈትሿል፤ የሞተሩንና የሻንሲውን መሬት ሽቦዎች በወፍራም አስሯል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሞተር ምልክት መብራቱን ዳሽቦርዱ ላይ አውጥቶ የኮምፒዩተር መመርመሪያውን ሶኬት ከመሪው ሥር አስቀርቷል። ይህ ሶኬት ባይኖር ኖሮ ሞተሩ አንድ ቀን ሲያጉረመርም መካኒኩ ያለው አማራጭ ዕቃ እየቀያየሩ መገመት ብቻ ይሆን ነበር።

ቅሬታዬም እዚሁ አካባቢ ነው። የድሮው የፍጥነት መለኪያ በካቦ የሚሠራ ሲሆን የአዲሱ ካምቢዮ በኤሌክትሪክ ምልክት ይናገራል፤ ጋራዡ መኪናውን ሲያስረክበኝ መለኪያው አይሠራም ነበር፣ ኮምፒዩተሩም የፍጥነት ምልክት ስላልደረሰው መብራቱን አብርቶ ነበር። ይህ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ በውሉ ውስጥ ሊካተት ይገባው ነበር እንጂ በኋላ እንደ አዲስ ሥራ ሊጠየቅበት አይገባም ነበር። የተባለው የመረከቢያ ቀንም ብዙ ተላልፏል። መዘግየቱን መታገሥ ይቻላል፤ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ የሚጨመር ሒሳብ ግን አያስደስትም።

ስለ ዘይት በተለይ መጠንቀቅ ያሻል፤ የአሮጌ መኪና ልማዳችን ከዚህ ሞተር ጋር አይሄድም። የቫልቭ ጊዜ መለዋወጫው የሚንቀሳቀሰው በሞተር ዘይት ግፊት በመሆኑ፣ 22አር እየጠጣ የኖረው ወፍራም ዘይት በደሴ ብርድ ማለዳ እስኪሞቅ ድረስ ማርሹን ያዘገየዋል፤ ለዚህ ሞተር የሚስማማው እንደ 5ደብሊው-30 ያለ ቀጭን ዘይት ነው። ዘይቱ ሳይቀየር ሲቆይ የሚፈጠረው ዝቃጭ ደግሞ በትንሿ ቫልቭ ፊት ያለችውን ወንፊት ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ጉልበት ይጠፋል፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንገዳገዳል፣ በመመርመሪያውም ላይ ፒ0011 ወይም ፒ0012 የሚል ኮድ ይወጣል። ይህን ኮድ አይቶ ወዲያው ካምሻፍት ወይም ካቴና ይቀየር የሚል መካኒክ ከገጠመ ቫልቯንና ወንፊቷን አስቀድሞ እንዲያጥብ መጠየቅ ብዙ ወጪ ያድናል።

ፍሬንን የሚረሳ ብዙ ነው። መኪናው ወደ ላይ የሚወጣበት ጉልበት ቢጨምርም የሚያቆመው ያው የድሮው ፍሬን ስለሆነ፣ ጭነት ጭኖ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ዲስኩንና የኋላውን ከበሮ ከሞተሩ ሥራ ጋር አብሮ ማሳደስ ይኖርበታል።

ይህን ሥራ የማልመክረው ለሁለት ዓይነት ባለንብረት ነው። አንደኛው በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ 3ኤል ወይም 5ኤል የናፍጣ ሞተር ያለው ነው፤ ያ ሞተር ቀርፋፋ ቢሆንም በየትኛውም ወረዳ መካኒክ አያጣም። ሁለተኛው መኪናው ወሩን ሙሉ ከወረኢሉ ወይም ከወገልጤና ማዶ የሚውል፣ መመርመሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ደሴ ካልመጣ በቀር የማያገኝ ሰው ነው። ሻንሲው ዝገት የበላው ፒካፕ ከሆነም ገንዘቡ ከሞተሩ በፊት ለሌላ ነገር ይፈለጋል።

ከመግዛት በፊት አንድ የወረቀት ጉዳይ አለ። የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ የሚመዘገብ በመሆኑ ሻጩ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ይሁን እዚሁ፣ ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ የገባበትን የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና ደረሰኝ ካልሰጠ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መተው ነው፤ ያለዚያ ቁጥሩን ማስቀየር ስለማይቻል ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ ላይ ችግር ይገጥማል። በብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ማመሳከርና ፎቶ ማንሣት የሚቀለው ደግሞ ሞተሩ ገና መሬት ላይ ሳለ ነው፤ ኮፋኖው ሥር ከገባ በኋላ በቱቦና በሽቦ ስለሚሸፈን መርማሪውም ባለቤቱም በመስታወትና በባትሪ ሲፈልጉ ይውላሉ።