የዕለት ታሪክ ካላንደር፦ ግድግዳ ላይ ከመሰቀሉ በፊት በእስክሪብቶ የሚታረሙ ቅጠሎች

ዘመን መለወጫ ሲቃረብ ደብረ ብርሃን ባሉ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በር ላይ የሚንጠለጠሉት ካላንደሮች ብዙ ናቸው። ከእነሱ መካከል በየቀኑ አንድ ቅጠል የሚገነጠለውና በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ በዚያ ቀን የሆነ የታሪክ ድርጊት የታተመበት ካላንደር ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክፍል እስከ ፀጉር ቤት ግድግዳ ድረስ ገብቷል። እዚህ የተገመገመው የ2018 ዓ.ም. እትም ነው። ዋጋው ከተራው የግድግዳ ካላንደር ስለሚበልጥ፣ ተጨማሪው ገንዘብ የሚከፈለው ለታሪኩ ነው። ስለዚህ መመዘን ያለበትም በታሪኩ ነው።

ስለ አካሉ በአጭሩ እንጨርስ። ቅጠሎቹ 361 ናቸው፤ ለምን 365 እንዳልሆኑ ወደ ታች ይመጣል። ወረቀቱ ሳሳ ያለ ቢሆንም ቀለሙ ወደ ጀርባ አያልፍም፣ ፊደሉም ከሁለት ሜትር ርቀት ይነበባል። ደካማው ጎኑ ከላይ ቅጠሎቹን የያዘው ሙጫ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ አንዱን ሲገነጥሉ ሦስት አራቱ አብረው ይመጣሉ። ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ በሙቀቱ ይለሰልስና ቅጠሎቹ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመሰቀሉ በፊት ከላይ ከጫፉ ግማሽ ጣት ያህል ገባ ብሎ በሁለት ቦታ በቀጭን ምስማር መብሳትና ከጀርባው ካርቶን ጋር በሲባጎ ጠበቅ አድርጎ ማሰር። ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት መስኮት አጠገብ ባይሰቀል ይመረጣል፤ በዓላት የተጻፉበት ቀይ ቀለም ቶሎ ይለቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አዘጋጆቹ በየቅጠሉ የእኛን ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁን ቀን በትንሹ፣ የወሩን በዓል ከግርጌ አስቀምጠዋል። አቀማመጡ ጥሩ ነው። ችግሩ የውጭ አገር ቀኖችን ወደ እኛ የመለሱበት መንገድ ነው። የዛሬውን የማመሳከሪያ ሠንጠረዥ ይዘው የመቶና የሁለት መቶ ዓመት ድርጊቶችን በእሱ ቀይረዋል። የዛሬው ሠንጠረዥ ግን ከ1892 ዓ.ም. የካቲት በፊት ለነበረ ቀን አይሠራም። በእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ፣ ጳጉሜን ያለ ማወላወል 6 ትሆናለች፤ በ1891 መጨረሻም ሆናለች። ፈረንጆች ግን እ.ኤ.አ. በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉት። በዚያች አንድ ቀን ምክንያት በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት ሰፋ። ስለዚህ ከዚያ በፊት ለነበረው መቶ ዓመት፣ በዛሬው ሠንጠረዥ በሚገኘው የእኛ ቀን ላይ 1 መደመር ያስፈልጋል። አንድ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሲገፋ ደግሞ 2 ይደመራል።

ይህ ባለመደረጉ ምን እንደተፈጠረ ተመልከቱ። የዳግማዊ ምኒልክ ልደት ነሐሴ 11 ቅጠል ላይ ተጽፏል። ምኒልክ አንጎለላ ላይ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው፤ የሚካኤል ዕለት። የፈረንጁ ኦገስት 17 ቀን 1844 ዛሬ ቢሆን ነሐሴ 11 ነበር፤ ያኔ ግን 12 ነበር። አንጎለላ ከደብረ ብርሃን ቅርብ ናትና፣ ለሰሜን ሸዋ ገበያ በቀረበ ካላንደር ላይ ይህ ስሕተት ሊያልፍ አይገባም ነበር። የውጫሌ ውልም ሚያዝያ 24 ላይ ሰፍሯል፤ ትክክሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው። የፈረንሳይ አብዮት የፈነዳበት የባስቲል እስር ቤት መሰበር ሐምሌ 7 ተብሏል፤ ሁለት ቀን ተደምሮበት ሐምሌ 9 ቀን 1781 መሆን ነበረበት።

ዓድዋ ግን በትክክል የካቲት 23 ላይ ነው። ይህን ያዳነው ሠንጠረዡ ሳይሆን ሰው ሁሉ ቀኑን በቃሉ ማወቁ ነው። ምክንያቱም እዚያው ቅጠል ላይ በትንሹ የታተመው የፈረንጅ ቀን «ማርች 2 ቀን 1896» ይላል። የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ በ1888 ዓ.ም. ግን ማርች 1፣ እሑድ ነበር። በእኛ በኩል የታወቀውን ቀን ይዘው ወደ ፈረንጅ ሲመልሱት ያው ስሕተት በሌላ በር ገባ።

በጣም የሚያሳዝነው የዐፄ ቴዎድሮስ ዕረፍት ነው። ቅጠሉ «ሰኞ ሚያዝያ 5 ቀን 1860» ይላል። ይህን ማንም በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ሊፈትሸው ይችላል፤ ሒሳቡም እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ከክርስቶስ በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት እና 1860 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7360 ነው። ለ4 ሲካፈል መጠነ ራብዒቱ 1840 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 9200፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ቀሪው 1 ሲሆን መስከረም 1 ማክሰኞ፣ 2 ሲሆን ረቡዕ፣ እንዲህ እየተባለ ይቀጥልና ምንም ካልተረፈ ሰኞ ይውላል። ስለዚህ የ1860 መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ ማለት ነው። 30 ቀን ለ7 ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ፣ ከዚያ ላለፈው ለእያንዳንዱ ሙሉ ወር 2 ይያዛል፤ ከመስከረም እስከ መጋቢት 7 ወር ነውና 14። ሚያዝያ 6 ድረስ 5 ቀን ይጨመራል፤ 19። ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል። ከረቡዕ አምስት ቀን ሲቆጠር ሰኞ ይመጣል። ሰኞ የሚሆነው እንግዲህ ሚያዝያ 6 ነው፤ 5ማ እሑድ ነበር፣ ያውም ፋሲካ። ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉት በማዕዶት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ካላንደሩ የዕለቱን ስም ከፈረንጅ ምንጭ በትክክል ገልብጦ ቀኑን ስላሳሳተ፣ ንጉሡ በትንሣኤ ዕለት እንደሞቱ አድርጎ ያስነብባል። ለዚህ ነው በየትኛውም የዕለት ታሪክ ሥራ ላይ መጀመሪያ የዕለቱን ስምና ቀኑን ማጋጨት የሚጠቅመው፤ አንዱ ከሌላው ካልገጠመ ስሕተቱ እዚያው ይያዛል።

ወደ 361ዱ ቅጠሎች እንመለስ። አሥራ ሁለቱ ወሮች 360 ቅጠል ይዘዋል፤ የጳጉሜን አምስት ቀኖች ግን በአንድ ቅጠል ተጨናንቀዋል። ወረቀት ለመቆጠብ የተደረገ ይመስላል። በዚህ የተጎዳው ደግሞ የራሳችን ሰው ነው። በሰሜን ሸዋ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ የሮም ኦሎምፒክን ማራቶን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ካላንደሩ ቀኑን ሳይለይ «ጳጉሜን 1953» ብሎ አልፎታል። የዓመቱ ስሕተት ምንጩ ግልጽ ነው፤ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር 7 ይቀነሳል የሚለው ደንብ በደፈናው ተወስዷል። ደንቡ የሚሠራው ከመስከረም 1 ወዲህ ነው፤ ሴፕቴምበር ገብቶ ጳጉሜን እስኪያልቅ ድረስ የሚቀነሰው 8 ነው። የቶኪዮው ድል፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957፣ በትክክል ሰፍሯል።

የደብረ ሊባኖስ ቅጠል ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ የጎደለው ነው። ጣሊያኖች በገዳሙ የፈጸሙትን ጭፍጨፋ ሁሉ ግንቦት 12 ላይ አድርጎታል። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በዓል ነው፤ ሕዝቡ የተሰበሰበው ለእሱ ነበር። መነኮሳቱ የተረሸኑት በማግስቱ፣ ዓርብ ግንቦት 13 ቀን 1929 ነው። ዲያቆናቱ ደግሞ ተለይተው ወደ ደብረ ብርሃን አካባቢ ከተወሰዱ በኋላ ግንቦት 18 ተገደሉ፤ በጣሊያኖቹ በራሳቸው ሪፖርት ቁጥራቸው 129 ነው። ያው ሪፖርት በጠቅላላው 449 ሰው ይላል፤ የኋላ ተመራማሪዎች ከዚያ እጅግ የበዛ እንደሆነ አሳይተዋል። ካላንደሩ የጣሊያንን ቁጥር ብቻ፣ የማን እንደሆነ እንኳ ሳይገልጽ ማተሙ ልክ አይደለም። በበዓሉ ቀንና በግድያው ቀን መካከል ያለው አንድ ሌሊትም የታሪኩ አካል ስለሆነ ሊጠበቅ ይገባል። የግንቦት 18 ቅጠልም ዲያቆናቱን አያነሳም፤ የሆነው ግን ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው።

ምስጋና የሚገባቸው ቅጠሎችም አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ሚያዝያ 27 ነው። በ1928 የጣሊያኑ የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባባት ቀንና በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱባት ቀን አንድ መሆኗን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የተጓዙበትን መንገድ ጭምር ይናገራል፦ የመጀመሪያው ጦር ከደሴ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን በኩል፣ ሁለተኛው ከጎጃም በፍቼና በደብረ ሊባኖስ በኩል። ሁለቱም መንገድ በሸዋ ምድር ያልፋል። አንድ ቀንን ከሌላ ዓመት ተመሳሳይ ቀን ጋር ማገናኘት እንዲህ ሲሠራ አስተማሪ ነው። የሸዋ ጦር የልጅ ኢያሱን አባት ንጉሥ ሚካኤልን ድል ያደረገበት የሰገሌ ጦርነትም ጥቅምት 17 ቀን 1909 ላይ በትክክል አለ፤ ከአንድ ወር በፊት መስከረም 17፣ በመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸውን ያስታውሳል። ከሰገሌ ቀደም ብሎ ከሸዋ ወገን የነበሩት ራስ ልዑል ሰገድ የወደቁበት የቶራ መስክ ውጊያ ግን ተዘሏል። የኒው ዮርኩ የመንትያ ሕንፃዎች ጥቃት መስከረም 1 ቀን 1994 ላይ ሰፍሯል፤ እሱም ልክ ነው።

የሰዓት ነገር ግን አልታሰበበትም። ሰው ጨረቃን የረገጠበት ቅጠል ሐምሌ 13 ቀን 1961 ላይ ነው። መንኩራኩሯ ያረፈችው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5:17 ነውና ሐምሌ 13 ቢባል ያስኬዳል። አርምስትሮንግ እግሩን መሬቷ ላይ ያሳረፈው ግን ከሌሊቱ 11:56፣ ለሐምሌ 14 አጥቢያ ነው። ቋንቋችን «አጥቢያ» የሚል ቃል እያለው ሁለቱን በአንድ ቀን ማጠፍ አያስፈልግም ነበር። የሩሲያ የጥቅምት አብዮትም ጥቅምት 15 ላይ ወድቋል፤ ሩሲያ ያኔ የድሮውን የጁሊያን አቆጣጠር ትጠቀም ስለነበር «ኦክቶበር 25» በአዲሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 7፣ በእኛ ጥቅምት 28 ቀን 1910 ነው።

ለቤትና ለሱቅ ግድግዳ ካላንደሩ ይበቃል። ለሚኒ ሚዲያ፣ ለጥያቄና መልስ ውድድር ወይም ለሰልፍ ላይ ንባብ የሚገዛው ትምህርት ቤት ግን ከላይ የተጠቀሱትን ቅጠሎች አርሞ መስቀል አለበት። ከ1892 በፊት ያሉት የውጭ ድርጊቶች ሁሉ በሠንጠረዥ የተቀየሩ ስለሆኑ አንድ በአንድ ይታዩ። የአገር ውስጥ ድርጊት ሲሆን የወሩ በዓል ይረዳል፤ ድርጊቱ በሚካኤል ዕለት ሆነ ከተባለ ቀኑ 12፣ በጊዮርጊስ ከተባለ 23 ካልሆነ አንድ ነገር ተሳስቷል። እርማቱ በኳስ እስክሪብቶ ይሁን፤ በዚህ ወረቀት ላይ ፓርከር ቀለም ይፈሳል።

የ2019 እትም ሲመጣ ዘመኑ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ናት። ከመክፈልዎ በፊት መደብሩ ውስጥ ሁለት ቦታ ገልጠው ይዩ፦ መጨረሻ ላይ የጳጉሜን ቅጠሎች ስድስት መሆናቸውን፣ ከዚያም ምኒልክ ነሐሴ 11 ላይ ይሁኑ 12 ላይ።