ሐዋሳ ላይ ሲ ቋንቋ ለምትማሩ፦ ስለ አንድ አስጠኚ ምስጋናና ጥቆማ

በሐዋሳ ከተማ አቶቴ አካባቢ ማታ ማታ የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚያስጠኑ አንድ መምህርን በይፋ ለማመስገንና ለሌሎችም ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ባለመፈለጋቸው አልጠቀስኩትም።

ለአንድ የቁጠባ ማኅበር ወለድ የሚያሰላ አነስተኛ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። የቁጠባው ዓይነት ሲለያይ ስሌቱም ስለሚለያይ ፈንክሽኖቹን (ስሌቱን የሚሠሩትን የኮድ ክፍሎች) በፈንክሽን ፖይንተር ማለትም የፈንክሽን አድራሻ በሚይዝ ተለዋዋጭ ሰንጠረዥ አደራጀኋቸው፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አንድም ቃል ሳይናገር ቢያሳልፈኝም ወለዱ ግን ትርጉም የሌለው ቁጥር ሆኖ ይወጣ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስህተቱን በስሌቱ ውስጥ ስፈልግ ከረምኩ። መምህሩ ስሌቱን ሳይነኩ የፖይንተሩን አገላለጽ አነበቡና ጣታቸውን ባዶው ቅንፍ ላይ አሳረፉ። ሲ23 ከተባለው የቋንቋው ደረጃ በፊት በነበሩት ደረጃዎች ባዶ ቅንፍ «ፓራሜትር (ፈንክሽኑ የሚቀበለው እሴት) የለውም» ሳይሆን «ፓራሜትሩ አልተገለጸም» ማለት በመሆኑ፣ 1200 የሚለውን ሙሉ ቁጥር ሳስተላልፍ ኮምፓይለሩ ወደ ደብል (ባለ ነጥብ ቁጥር) የሚቀይርበት ምክንያት አልነበረውም፤ ተቀባዩ ፈንክሽን ደግሞ ደብል ይጠብቃል። በተለመዱት ባለ 64 ቢት ኮምፒውተሮች ሙሉ ቁጥርና ደብል የሚተላለፉት በተለያዩ ሬጅስተሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉ ጊዜያዊ ማስቀመጫዎች) ስለሆነ፣ ፈንክሽኑ እኔ ያላስቀመጥኩትን ቁጥር አንስቶ ያባዛ ነበር። ቅንፉ ውስጥ «ደብል» ተብሎ ሲጻፍ ያው 1200 ተቀይሮ በትክክል ደረሰ።

አባላቱን በቁጠባ መጠን በኪውሶርት (ከሲ ጋር በሚመጣው የመደርደሪያ ፈንክሽን) ለመደርደር የጻፍኩት አወዳዳሪ ፈንክሽን ደግሞ የስትራክት (የአንድን አባል መረጃዎች በአንድ የሚይዝ ታይፕ) ፖይንተሮችን ይቀበል ነበርና፣ ኮምፓይለሩ ሲያጉረመርም በካስት (ታይፑን በግድ በመቀየር) አፉን አስያዝኩት። (ያኔ ብልሃት መስሎኝ ኮርቼበት እንደነበር አልደብቅም።) እርሳቸው ግን ፈንክሽን ከራሱ ታይፕ ጋር በማይስማማ ፖይንተር ከተጠራ ምን እንደሚከተል ቋንቋው ምንም ዋስትና እንደማይሰጥ አስረድተው፣ ፓራሜትሮቹ ኮንስት ቮይድ ፖይንተር (ኪውሶርት የሚጠብቀው፣ ታይፑ ያልተወሰነ መረጃ አድራሻ) እንዲሆኑና ልወጣው በፈንክሽኑ ውስጥ እንዲደረግ አሳዩኝ። በዚያው የሁለቱን ሒሳቦች ልዩነት እንደ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) መመለሴን አዩ፤ የ75 ሳንቲም ልዩነት ወደ ዜሮ ስለሚቆረጥ ሁለቱ አባላት እንደ እኩል ይቆጠሩ ነበር። ይህንንስ በራሴ መቼም አላገኘውም ነበር።

ወደ እርሳቸው የምትሄዱ ሁሉ አልሠራ ያላችሁን ኮድ ሳታስተካክሉ እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚያስተምሩት በእርሱ ላይ ነው። ትዕግሥታቸው ብዙ ቢሆንም የኮምፓይለር ማስጠንቀቂያ ዘግቶ የመጣ ሰው ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። አድራሻቸውን ለምትፈልጉ፣ እርሳቸውን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ።