«ሃርድ ዲስኩ ሞቷል» የተባለውን ላፕቶፔን ላነሳልኝ የደብረ ማርቆስ ልጅ

ሰላም ወገን። ይህን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል፣ ሌላውም ሰው እንደኔ እንዳይጉላላ ልጻፈው አልኩ።

የማስተምረው አማኑኤል ከተማ ነው። ላፕቶፔ ላይ የነበረው ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉን አቆመ፣ የኔ ማሽን ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም። ኡቡንቱ (ነጻ የሆነ የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ከዊንዶውሱ ጎን ለጎን ይጫንልኝ ብዬ አንድ ሱቅ ሰጠሁት። በማግስቱ ስሄድ ኡቡንቱም አልተጫነ፣ ዊንዶውሱም አይነሳ። «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» አሉኝ። የአራት ዓመት የተማሪ ውጤት፣ እናቴ ከማረፏ በፊት ያነሳኋት ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ወደዚህ ልጅ የላከችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ የጠየቀኝ «መምህር፣ ውስጡ እንዳይጠፋብዎት የሚፈልጉት ምን አለ?» ብሎ ነው። ከዚያ ላፕቶፑ ሲበራ የሚከፈተው የማስነሻ ሴቲንግ ውስጥ ገባ። ዲስኩ ምንም አልሆነም! ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ መንገድ) የነበረውን የሱቁ ሰዎች ወደ ሌጋሲ (የድሮው የባዮስ መንገድ) ቀይረው ትተውት ነው።

እንዲህ አስረዳኝ፦ የድሮው ባዮስ ማስነሻውን የሚፈልገው ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ነው። ዩኢኤፍአይ ግን ለማስነሻ ብቻ የተከፈለች፣ ፋት 32 በሚባለው የፋይል አቀማመጥ የተዘጋጀች ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፋይ) ይጠቀማል፤ ዊንዶውስም ኡቡንቱም እዚያች ውስጥ የየራሳቸውን ፎልደር ይዘው ሳይጣሉ ይኖራሉ፣ እሷን ፎርማት ያደረገ ሰው ግን ዊንዶውሱንም እንዳይነሳ ያደርገዋል። ወደ ዩኢኤፍአይ ሲመልሰው ዊንዶውሱ ተነሳ። እንባዬ መጣ።

ከዚያም በኋላ ለመጫን አልቸኮለም። ፋይሌን በሙሉ ኤክስተርናል ላይ ገለበጠልኝ። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መመስጠሪያ) በርቶ እንደሆነ አየ። ፋስት ስታርትአፕን (የዊንዶውስን ፈጣን አነሳስ) አጠፋው፣ ዊንዶውስ በሱ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ። መብራት መሃል ላይ ቢሄድስ ብሎ ባትሪው እስኪሞላ ጠበቀ። ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለውን) ግን አልነካውም። ብዙ ሰው መጀመሪያ እሱን አጥፋ ይላል፣ ኡቡንቱ ግን በማይክሮሶፍት የተፈረመ ማስነሻ ስላለው ሳይጠፋም ይጫናል። ኡቡንቱ ከተጫነ በኋላ የዋይፋዬ ካርድ ብሮድኮም የሚባለው ኩባንያ ሥራ ስለሆነ ተጨማሪ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ፈለገ፤ እሱን ሲጭን ፓስወርድ አስመረጠኝ፣ ሪስታርት ሲሆን በሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን ላይ ያንኑ ፓስወርድ ራሴ አስገባሁት። ያን ስክሪን ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ነው ኋላ «ሊኑክስ ላይ ዋይፋይ አይሠራም» የሚለው። የአማርኛ ኪቦርዱን ሳልጠይቀው አስተካከለልኝ።

የተቀበለኝ 700 ብር ነው። እድሜና ጤና ይስጠው።

ደብረ ማርቆስም ሆነ ዙሪያዋ ያላችሁ፣ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት እሱ ይይላችሁ። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፣ አስፈቅጄዋለሁ። ስትሄዱ ቻርጀራችሁን አትርሱ፣ ለፋይላችሁ መገልበጫ የሚሆን ባዶ ፍላሽ ካላችሁም ያዙ።