ለፋይናንሻል ኤይዷ ሴትዮ ምስጋና፣ ማደንዘዣ ልትማሩ ላሰባችሁ ነርሶች ጥቆማ

ይህን ምስጋና በአማርኛ መጻፌ ትንሽ ያስቃል። የማመሰግናት ሴት አንድ ፊደል አማርኛ አታነብም። የሚገባትን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ለእሷም ለአለቃዋም ጽፌያለሁ። ይሄኛው ለእናንተ ነው። እዚህ አሜሪካ አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ሌሊት እየሠራችሁ፣ ቀን ልጅ እያሳደጋችሁ፣ "ሲአርኤንኤ መማርስ በተማርኩ፣ ግን ቤቱን ማን ይይዘዋል?" ለምትሉት። ሲአርኤንኤ ማለት የማደንዘዣ ነርስ ነው።

እኔም እንደዚያ እያልኩ አራት ዓመት ፈጅቻለሁ።

ስሟን አልጽፍም። ሳላስፈቅድ አደባባይ ማውጣት ደስ አይለኝም። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ (የተማሪ ብድርና እርዳታ የሚያስተናግደው) ውስጥ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ጉዳይ የምትይዝ ናት። እዚያው ትምህርት ቤት የምትገቡ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ሌላ ቦታ የምትገቡም ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሰው እናንተ ጋ አለ። ቀጠሮ ያዙ።

ችግራችን እንዲህ ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አዲስ የሚገባ የማደንዘዣ ነርስ ተማሪ በሙሉ በዶክትሬት ደረጃ ነው የሚማረው። ትንሹ 36 ወር ነው። ከ2,000 ሰዓት ያላነሰ ክሊኒካል፣ ማለትም ታካሚ ላይ የሚደረግ ልምምድ፣ አለው። ትምህርት ቤቱ ገና ኢንተርቪው ላይ "ሥራ እየሠራችሁ አይሆንም" ብሎናል፣ እውነቱንም ነው። እኛ ቤት ደግሞ ትልቁ ደሞዝ የእኔ ነበር። ባለቤቴ ይሠራል፣ የእሱ ግን የቤቱን ዕዳ ከፍሎ ለምግብ እምብዛም አይተርፍም። ልጆቹ አንዷ አራት ዓመቷ፣ ትንሹ ዓመት ተኩል። በየወሩ ለእናቴ የምልከው አለ። ሦስት ዓመት ያለ ደሞዝ!

ተቀባይነት ያገኘሁ ቀን አለቀስኩ። ባለቤቴ የደስታ መስሎት አቀፈኝ። ግማሹ ብቻ ነበር የደስታ።

ከእሷ በፊት ያናገርኩት ሰው ነበር። ሌላ ቦታም አመልክቼ ስለነበር እዚያ ስልክ ደውዬ "ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ይህ በጀት አይበቃኝም" ስል፣ የመለሰልኝ ልጅ "የተጻፈው ቁጥር ነው፣ አይለወጥም" ብሎ ዘጋው። አመንኩት። ባላመንኩት ኖሮ ስድስት ሳምንት እንቅልፍ ባላጣሁ።

የእኛይቱ ቢሮ ስገባ ቁጥሮቼን በወረቀት ጽፌ ነው የሄድኩት። ሴትዮዋ ፈገግታ አታበዛም፣ ቀድሜ ልንገራችሁ። ኢሜይል ስትመልስ አንድ መስመር ነው። ወረቀቴን ገልብጣ አየችና "ይሄ በጀት የተሠራው ልጅ ለሌለው ተማሪ ነው። አንቺ ልጅ የለሽም?" አለችኝ። ሁለት አሉኝ አልኳት። "ታዲያ ለምን አልጠየቅሽም?"

እንግዲህ እኔ ያላወቅኩት ይህን ነው። ትምህርት ቤቱ "የመማሪያ ወጪ" ብሎ የሚያወጣው ጣሪያ ለሁሉም አንድ ሆኖ የተቸነከረ አይደለም። የፌዴራሉ ሕግ ልጅ ላለው ተማሪ የልጅ ጥበቃ ወጪ እንዲጨመርለት ይፈቅዳል። ክፍል ውስጥ የምትቀመጡበት ሰዓት ብቻ አይደለም የሚታሰበው። የምታጠኑበት፣ ልምምድ ላይ የምትውሉበት፣ መንገድ ላይ የምታጠፉት ሰዓት ሁሉ ይገባል። የሙያ ፈቃድና የምስክር ወረቀት ፈተና ወጪም በዚያው ጣሪያ ውስጥ ቦታ አለው። ግን መጠየቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፣ በወረቀት፣ ከማስረጃ ጋር።

የዴይኬሩን (የልጆቹን መዋያ) ደብዳቤ ይዤ ተመለስኩ። አንብባ "ይሄ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚከፈተው፣ አንቺ ክሊኒካል ስትጀምሪ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ?" አለች። (በአሜሪካ ሰዓት ነው እንግዲህ፣ ልጆቹ ገና እንቅልፍ ላይ ናቸው።) እኔ ያላሰብኩትን እሷ አሰበችው። ማደንዘዣ ተማሪ ከሁሉም በፊት ገብቶ ማሽኑን ይፈትሻል፣ መድኃኒቱን ያዘጋጃል፣ የመጀመሪያው ታካሚ ከመግባቱ በፊት ክፍሉን ያሰናዳል። ስለዚህ ማለዳ ልጆቹን ተቀብላ ዴይኬር የምታደርስልን ጎረቤት ያስፈልገን ነበር። የእሷንም ክፍያ በፊርማዋ ደብዳቤ አስጽፌ እንዳመጣ አደረገችኝ። ያም ገባ።

ለእናቴ የምልከውን ግን ማስገባት አልቻለችም። ደጋግሜ ጠየቅኳት። "ሕጉ አያውቀውም" አለች፣ በዚያው ደረቅ ድምፅዋ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ "እኔም ለእናቴ እልካለሁ" አለች። ይህን ባለቤቴ በእቁብ ተወጣው። ዕጣው ቶሎ እንዲደርሰን ዳኛውን ለምኖ፣ የደረሰውን ለእናቴ ብቻ ለየነው።

ሌላው ፋፍሳ ነው፣ የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ቅጹ። የ2022–23ቱ ቅጽ የሚያየው የ2020ን ገቢ ነው። 2020 ላይ እኔ ማን ነበርኩ? ኮቪድ ክፍል ውስጥ ኦቨርታይም የምሠራ ነርስ። በወረቀት ሀብታም ነኝ፣ በተግባር ሥራዬን ልለቅ ነው። እሷ ሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዬን አያይዛ ጉዳዬ እንደ ልዩ ሁኔታ እንዲታይ አደረገች። ለፌዴራል ብድሩ ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም፣ እሱ በድህነት የሚሰጥ አይደለምና። ትምህርት ቤቱ ራሱ በችግር መጠን ለሚሰጣት ትንሽ እርዳታ ግን አበቃኝ። ትንሽ ናት፣ አልዋሻችሁም። የመጽሐፍና የኮምፒውተር ሸፈነች።

አሁን ስለ ብድሩ። እዚህ ላይ ነው በእውነት ያዳነችን።

በእኛ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ በዓመት እስከ 20,500 ዶላር የሚሰጠው አንሰብሲዳይዝድ የሚባለው ነው። ከዚያ የሚቀረውን ደግሞ ግራድ ፕላስ እስከ ጣሪያው ድረስ ይሞላው ነበር። ሴትዮዋ መጀመሪያ ያስቆጠረችኝ ገና እጃችን ሳይገባ የሚቆረጠውን ነው። ከመጀመሪያው ላይ 1.057 በመቶ፣ ከግራድ ፕላሱ 4.228 በመቶ። ማለትም ከእያንዳንዱ 10,000 ዶላር ፕላስ ላይ ወደ 423 ዶላር ሳታዩት ይሄዳል፣ ዕዳው ግን ሙሉ 10,000 ነው። ወለዱም በየዓመቱ ለሚወሰደው አዲስ ብድር ሌላ ነው። ፕላሱ ስጀምር 7.54 በመቶ ነበር፣ በሁለተኛው ዓመት 8.05፣ በሦስተኛው 9.08 ደረሰ።

ይህ የውሉ ወለድ ነው፤ ስጀምር ግን በኮቪዱ እፎይታ ምክንያት ለጊዜው የሚቆጠረው ወለድ ዜሮ ነበር። ክፍል ውስጥ ብዙዎቻችን "ዜሮ ከሆነ ሁሉንም እንውሰድ" አልን። እሷ ጋ ይህን ስናገር ብዕሯን አስቀመጠች። "ዜሮው ያልቃል፣ ዕዳው ይቀራል" አለችኝ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ወለዱ መቁጠር ጀመረ።

ከዚያ ባለ 36 መስመር ወረቀት ሰጠችኝ። ለእያንዳንዱ ወር አንድ መስመር። ባለቤቴ የሚያገባው፣ የሚወጣው፣ የጎደለው። "የጎደለውን ብቻ ተበደሪ፣ የተፈቀደልሽን ሁሉ አይደለም።" ሰነፍ ነኝ እንዲህ ያለ ነገር ላይ። ሁለት ጊዜ ግማሽ ሞልቼ ወስጄ ሁለት ጊዜ መለሰችኝ። በሦስተኛው ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ። አብረን ሞላነው።

ለምን እንደለፋች የገባኝ የመጀመሪያው ሴሚስተር ገንዘብ ሲገባ ነው። ትምህርት ቤቱ የራሱን ይቆርጥና የተረፈውን በአንድ ጊዜ አካውንታችሁ ላይ ይለቀዋል። ስሙ "ሪፈንድ" ነው። ባለቤቴ ስልኩን አየና ዓይኑ በራ። መኪናችን አርጅታ ስለነበር "አሁን ነው የምንቀይራት" አለ። እኔም ልቤ አልተቃወመም! ማታ ወረቀቱን አውጥተን ለአምስት ወር ስናካፍለው ግን መኪናዋ ድንገት ደህና መኪና ሆነች። እስካሁንም እሷኑ ነው የምንነዳው።

በሁለተኛው ሴሚስተር ትንሽ ስኮላርሺፕ አገኘሁ። ሴትዮዋ ኢሜይል ላከች፣ እንደ ልማዷ አንድ መስመር፦ "3,000 መመለስ ትችያለሽ፣ 120 ቀን አለሽ።" ብድሩ በወጣ በ120 ቀን ውስጥ ያልፈለጋችሁትን ብትመልሱ የዚያ ገንዘብ ወለድም የተቆረጠው ክፍያም ይሰረዛል። መለስነው። በምን ሆድ እንደመለስነው አትጠይቁኝ፣ ያን ወር ምስር ብቻ ነበር የበላነው።

ታክስ የእሷ ሥራ አይደለም። "እኔ የታክስ ሰው አይደለሁም፣ ግን ጠይቂ" ብላ ያለችኝ ነገር ግን ጠቀመን። ባልና ሚስት አብረው ሲሞሉ፣ አንዱ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ ገቢ ባይኖረውም፣ የልጅ ጥበቃ ታክስ ቅነሳው ላይ ተማሪ ለሆነበት ወር ገቢ እንዳለው ይቆጠርለታል። ለአንድ ልጅ በወር 250፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ 500 ዶላር። የመጀመሪያውን ዓመት የሞላልን ሰው ይህን ዘሎት ነበር። በማስተካከያ ቅጽ አስተካከልነው። ላይፍታይም ለርኒንግ የሚባለውም የትምህርት ቅነሳ በዓመት እስከ 2,000 ዶላር ይደርሳል፣ ገቢያችሁ ከወሰኑ ካላለፈ። እሱንም አስታውሱ።

አንድ ጊዜ ተጣልተናል። የግል ባንክ ብድር የሚያሻሽጥ ሰው ደውሎልኝ ወለዱ ከፕላሱ ያነሰ ነው አለኝ፣ ዋስ ካመጣሁ። የባለቤቴ ወንድም ሊፈርም ፈቃደኛ ነበር። ሴትዮዋ "የምትፈልጊ ከሆነ ቅጹን እሞላልሻለሁ፣ ግን መጀመሪያ ይህን አንብቢ" ብላ ሁለቱን ውል ጎን ለጎን ሰጠችኝ። የፌዴራሉ ብድር ተበዳሪው ቢሞት ይሰረዛል። ሥራ ብታጡ ክፍያው ከገቢ ጋር የሚሄድበት መንገድ አለ። ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ሆስፒታል እየሠራችሁ 120 ክፍያ ብትከፍሉ የቀረው የሚማርበት ፕሮግራም አለ። የግሉ ውል ላይ ከእነዚህ አንዱንም አላገኘሁም። "ባጠፋ እኔ ነኝ የማጠፋው" ብዬ በንዴት ወጣሁ። ማታ አነበብኩት። በማግስቱ ለሰውየው አልፈልግም አልኩት። ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም፣ አሁን እዚህ ልጠይቃት። አታነበውም እንጂ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ነገሩ አሁን ስለከበደ ጭምር ነው። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስን ለአዲስ ተበዳሪ ዘግቶታል። ከዚያ በፊት በዚያው ፕሮግራም ተመዝግበው ብድር የጀመሩ ለተወሰነ ጊዜ በድሮው መቀጠል ይችላሉ። ለአዲሶቹ በዓመት 20,500፣ በድምሩ 100,000 ዶላር ነው ጣሪያው። ሕጉ "ፕሮፌሽናል" ብሎ ለለያቸው ሙያዎች በዓመት 50,000 ይፈቅዳል፣ የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ያቀረበው ዝርዝር ግን ነርሶችን አላካተተም። ስለዚህ መቀመጫ ለማስያዝ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ትምህርት ቤታችሁን "የእኔ ፕሮግራም በየትኛው ጣሪያ ስር ነው? ቀሪውን ተማሪዎቻችሁ በምን እየሞሉት ነው?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተነገራችሁን አትያዙ፣ እኔ በቃል የተነገረኝን ይዤ ስድስት ሳምንት ተሰቃይቻለሁ። ተመርቃችሁ እንድትሠሩላቸው ተፈራርመው ተማሪ እያሉ ገንዘብ የሚሰጡ ሆስፒታሎችም አሉ። ስንት ዓመት እንደሚያስሩና ብትለቁ ምን እንደምትመልሱ ሳታነቡ ግን አትፈርሙ።

ስትሄዱ ደግሞ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የዴይኬር ደብዳቤ፣ የሁለታችሁም የቅርብ ጊዜ የደሞዝ ወረቀት፣ ሥራ የምትለቁበት ቀን የተጻፈበት ነገር፣ የወር ወጪያችሁ። የትዳር ጓደኛችሁንም ውሰዱ። እኔ እስከ ሦስተኛው ቀጠሮ ብቻዬን መሄዴ ጥፋት ነበር። ወረቀቱን የሚኖረው እሱም ነውና።

በኦገስት 2025 ጨረስኩ። ቦርዱንም፣ የሙያ ምስክር ወረቀት ፈተናውን፣ አለፍኩ። ዕዳው ትልቅ ነው፣ ግን እስከ ጣሪያው ወስጄ ቢሆን ከሚሆነው ብዙ ያንሳል፣ እኩያዎቼ ጋር ስናወራ ነው የገባኝ።

ልሰናበታት ስሄድ ስጦታ ይዤ ነበር። "ደንቡ አይፈቅድም" ብላ መለሰችው። ካርዱን ብቻ ወሰደች። ልጆቹ የሳሉትን ሥዕል ትንሽ ቆማ አየችውና ከኮምፒውተሯ ጎን ለጠፈችው። እንባዬ መጣ። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፦

"ኤግዚት ካውንስሊንጉን ጨርሰሻል?"

ተበዳሪ ትምህርቱን ሲጨርስ ስለ ዕዳው አከፋፈል የሚወስደው ማስገንዘቢያ ነው። አልጨረስኩም ነበር። ወንበር ሳበችልኝ።