ለጋሽ ፍለጋ ከጅማ፦ «ኖንፕሮፊት ኤክስፕሎረር» በአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ዓይን

የዶነር ዝርዝር ከኮንሰልታንት ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ብራችሁን ያዙ። መጀመሪያ ይህን አንብቡ።

የምሠራው ጅማ ውስጥ ባለ ትንሽ አገር በቀል ድርጅት ነው። እናቶች መጋዘን ውስጥ ቡና ሲለቅሙ እኛ ልጆቻቸውን እንጠብቃለን። ምሳ እናበላለን፣ ፊደል እናስቆጥራለን። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ የተጻፈው ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ግን ትንሽ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ማለት ዕቃ ገዢም፣ ፕሮፖዛል ጸሐፊም ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ዩኤስኤአይዲ ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ የማውቀው ኤንጂኦ ሁሉ አዲስ ዶነር ፍለጋ ላይ ነው።

እኔ ከመቀጠሬ በፊት ቢሮው የገዛው አንድ የኤክሴል ፋይል አለ። «የ500 ለጋሾች ዝርዝር» ይላል። ስም፣ ኢሜይል፣ ዌብሳይት፣ በቃ። ማን ለማን እንደሰጠ የለም። ስንት እንደሰጠ የለም። ኢሜይል ስትልኩ ብዙው ተመልሶ ይመጣል። ሻጩን ስም አልጠራም። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ፋይል ቴሌግራም ላይ ሲዞር አይቻለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኖንፕሮፊት ኤክስፕሎረር ፕሮፐብሊካ የተባለው የአሜሪካ የምርመራ ጋዜጠኝነት ተቋም የሚያቀርበው ድረ ገጽ ነው። ነፃ ነው። ካርድ አይጠይቅም። ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፣ በዶላር የሚከፈልበት ካርድ ጅማ ላይ ከየት ይመጣል?

ውስጡ ያለው የግብር ቅጽ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከግብር ነፃ የሆኑ ድርጅቶች በየዓመቱ ለገቢ ግብር መሥሪያ ቤቱ ሒሳባቸውን ያሳውቃሉ። ቅጹም በሕግ ለሕዝብ ክፍት ነው። የግል ፋውንዴሽኖች፣ ማለትም ብዙ ጊዜ አንድ ባለሀብት ወይም ቤተሰብ ባስቀመጠው ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች፣ የሚሞሉት 990-ፒኤፍ ይባላል። ትልቁም ትንሹም ይሞላል። ሌላ ሰው ሲያየው እንቅልፍ ይመጣበት ይሆናል። እኔን ግን ደስ ይለኛል፤ ዌብሳይት ላይ «ዓለምን እንለውጣለን» ያለ ሁሉ ቅጹ ላይ ቁጥር መጻፍ አለበት።

ስከፍተው መጀመሪያ የማየው ንብረቱን ነው። የአሜሪካ ሕግ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከኢንቨስትመንት ንብረቱ 5 በመቶ ያህሉን እንዲያወጣ ያስገድዳል። ስለዚህ 2 ሚሊዮን ዶላር ያለው ፋውንዴሽን በዓመት የሚያወጣው 100,000 አካባቢ ነው፤ የራሱን ወጪም ከዚያው ላይ ይቀንሳል። እሱን 80,000 መጠየቅ ራስን ማስገመት ነው።

ቀጥሎ ወደ ቅጹ መጨረሻ እወርዳለሁ። እዚያ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ፋውንዴሽኑ የሚሰጠው ራሱ አስቀድሞ ለመረጣቸው ብቻ ከሆነ፣ ያልጠየቀውን ማመልከቻም የማይቀበል ከሆነ፣ ሳጥኗ ላይ ምልክት ያደርጋል። ምልክት ካያችሁ ፕሮፖዛል አትጻፉ። የሚያውቃችሁ ሰው ካላስተዋወቃችሁ በቀር በሩ ዝግ ነው። ምልክት ከሌለ ግን እዚያው ሥር ማመልከቻ ለማን እንደሚላክ፣ በምን መልክ፣ እስከ መቼ፣ የቦታ ገደብ አለው ወይ የሚል መሙያ አለ። ከተገዛው ፋይላችን ውስጥ የአሜሪካዎቹን እየለየሁ ሳይ ሳጥኗ ላይ ምልክት ያደረጉት በዝተው አገኘኋቸው። ለእነሱ የተላከውን ደብዳቤ ሳስብ ያናድደኛል።

ከዚያ የተሰጠው ገንዘብ ዝርዝር ይመጣል። ተቀባዩ፣ አድራሻው፣ ለምን ዓላማ፣ ስንት። የወርቅ ማዕድኑ እዚህ ነው። አንድ ቀን ለቦርድ ሰብሳቢያችን «ሀጂ፣ ይሄኛው 40 ሚሊዮን ዶላር አለው» ብዬ በደስታ ስነግራቸው፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ያለውን ተወው ልጄ። ለማን ሰጠ?» አሉኝ። ዝርዝሩን ወረድን። በሙሉ ለራሱ ከተማ ሙዚየምና ኮሌጅ ነበር። ዘጋነው።

ፍለጋውን ከተቀባዩ በኩል መጀመርም ይቻላል። በኮምፒዩተር የተሞሉ ቅጾችን ሙሉ ጽሑፍ የሚፈትሽ መፈለጊያ አለው። ኢትዮጵያ ብላችሁ ጻፉ። ጅማንም ጻፉ፣ አንዴ በሁለት «ኤም»፣ አንዴ በአንድ «ኤም»፤ ፈረንጁ እንደመሰለው ነው የሚጽፈው። የእኛን መሰል ሥራ የሚሠራ ድርጅት ስም ካወቃችሁ እሱንም አስገቡ። ማን እንደረዳው ይወጣል።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። መረጃው ይዘገያል። የማስገቢያው ጊዜ ራሱ ዓመቱ ካለቀ ከወራት በኋላ ነው፣ ማራዘሚያም አለ። ስለዚህ ዛሬ የምታዩት የአምና ወይም የካቻምና ሒሳብ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ይህን ቅጽ የመሙላት ግዴታ ስለሌለባቸው በእነሱ በኩል የሚመጣ እርዳታ እዚህ አይታይም። ሌላው፣ ከሕዝብ ገንዘብ እየሰበሰቡ ወደ ውጭ የሚልኩ ድርጅቶች የሚሞሉት ቅጽ የተለየ ነው። እዚያ «ከሰሐራ በታች አፍሪካ» የሚል ታገኛላችሁ እንጂ የተቀባዩን ስም አታገኙም። ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። በስልክ ማንበብም ዓይን ያጠፋል። ፒዲኤፉን በሌሊት ፓኬጅ አውርዱት፣ መብራት ሲጠፋም ታነቡታላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ለትንሽ ፋውንዴሽን በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ገንዘብ መላክ ጣጣ አለው። ወይ የእኛ ድርጅት ከአሜሪካ በጎ አድራጎት ጋር እኩል መሆኑን ማስመርመር፣ ወይ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ በቅርብ መከታተል ይጠበቅበታል። ስለዚህ ብዙዎቹ አሜሪካ ውስጥ በተመዘገበ አገናኝ በኩል መስጠት ይቀላቸዋል። ዝርዝሩ ላይ እንደ ግሎባልጊቪንግ ያለ ስም ካያችሁ አትለፉት፣ ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ እየነገራችሁ ነው።

ለእንግሊዝ ለጋሾች ግራንትናቭ የሚባለውን ድረ ገጽ እጠቀማለሁ። እሱም ነፃ ነው። ለጋሾቹ በፈቃዳቸው ያወጡትን የግራንት (የእርዳታ ገንዘብ) መረጃ አንድ ላይ አድርጎ ለፍለጋ ያቀርባል፣ ኤክሴል በሚከፍተው ፋይልም ማውረድ ይቻላል። ለሒሳብ ሰው ከአሜሪካው ይልቅ ይመቻል። ችግሩ መረጃ ያላወጣ ፋውንዴሽን እዚያ አለመኖሩ ነው። የቀረውን የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ኮሚሽን መዝገብ ላይ አያለሁ። መዝገቡ ድርጅቱ በየትኞቹ አገሮች እንደሚሠራ በስም ይዘረዝራል፤ ኢትዮጵያ ከሌለች ጊዜዬን አላባክንም። ካንዲድ የሚባለው የአሜሪካ ተቋም ደግሞ ትልቅ የፋውንዴሽኖች ማውጫ አለው፣ በክፍያ። ጥሬው ቅጽ ነፃ እስከሆነ ድረስ ለእኛ ዓይነት ቢሮ እሱን ለመግዛት ምክንያት አላየሁም።

ለእኔ ብጤ ሒሳብ ሠራተኞች አንዲት ማሳሰቢያ። ብዙ ለጋሽ የዓላማው ቦታ ላይ «ጠቅላላ ድጋፍ» ብሎ ይጽፋል። ደስ ይላል፣ እንደፈለጋችሁ አውጡት ማለት ነው። የእኛ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ግን የአስተዳደር ወጪን ከ20 በመቶ በላይ አይፈቅድም። በጀቱን ስትሠሩ ቀድማችሁ ለዩት።

ኖንፕሮፊት ኤክስፕሎረር ከአምስት ኮከብ አራት ይገባዋል። አንዷን የቀነስኩት ለመዘግየቱ ነው፣ ጥፋቱ የድረ ገጹ ባይሆንም። በእሱ በኩል ያገኘነው አንድ የቤተሰብ ፋውንዴሽን ለኮንሴፕት ኖታችን (ከፕሮፖዛል በፊት ለሚላከው አጭር ሐሳብ) መልስ ሰጥቷል። የኦዲት ሪፖርት ላኩ ብሎናል። የ2016 ዓ.ም. በእጃችን አለ፣ የ2017ቱን ኦዲተሩ እየጨረሰው ነው።